የዳንግላ ዝናብ በማን መዝገብ?

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር አንድ ውል ተዋዋሉ። ውሉ የኢትዮጵያንና የሱዳንን ወሰን ለመለየት የተጻፈ ነው፤ ሦስተኛው አንቀጹ ግን ፊቱን ወደ ውሃ ያዞራል። በዐባይ፣ በጣና ሐይቅና በሶባት ላይ ፍሰቱን የሚያግድ ሥራ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥታት ጋር ሳይስማሙ እንዳይሠሩ ንጉሠ ነገሥቱ ቃል ገቡ። ከዚያ ወዲህ በጎጃምና በአገው ምድር የሚወርደው ዝናብ ካርቱምና ካይሮ ተቀምጠው የሚያሰሉት ሀብት ሆነ። ሊያሰሉት ደግሞ መለካት ነበረበት።

ዳንግላ በታሪኩ ውስጥ የምትገባው በዚህ በር ነው። ከባሕር ዳር በስተ ደቡብ ምዕራብ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ወለል 2100 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች የገበያ ከተማ ናት። በወረዳዋ ላይ የሚጥለው ዝናብ በሁለት ወገን ይካፈላል፤ ከፊሉ በክልቲ ወንዝ አድርጎ ወደ ግልገል ዐባይ፣ ከዚያም ወደ ጣና ይገባል፤ የቀረው ወደ ምዕራብ አዘንብሎ በበለስ በኩል ዐባይን ይቀላቀላል። የጣናን ውሃ በዓይኑ ሥር ማድረግ ለፈለገ ሰው ከዚህ የተሻለ መቀመጫ አልነበረም። እንግሊዞች ቆንስላቸውን የተከሉትም እዚሁ ነው።

በ1925 (እ.ኤ.አ.) ሜጀር ሮበርት ቺዝማን የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆንስል ሆኖ ዳንግላ ገባ። ሱዳን ውስጥ የሰናር ግድብ የተጠናቀቀው፣ የገዚራም የጥጥ እርሻ ከኢትዮጵያ በሚወርደው ውሃ መልማት የጀመረው በዚያው ዓመት ነው። ቺዝማን እስከ 1934 ድረስ ቆየ። በበቅሎና በእግር የዐባይን ሸለቆ ተከተለ፤ በታንኳ የጣናን ደሴቶች ዞረ፤ እስከዚያ ድረስ በካርታ ላይ በነጠብጣብ ብቻ ይታይ የነበረውን የወንዙን መስመር በኮምፓስ እየለካ አሰፈረ። የድካሙን ትልቅነት መካድ አይቻልም፤ ገደሉን የሚያውቅ ሰው ይበልጥ ያከብረዋል። ስለ ጣናና ስለ ዐባይ የጻፈው መጽሐፍ በ1936 ሲታተም ግን ኢትዮጵያ በፋሺስት ጣልያን ተወራ ነበር። ጦርነቱ ወደ ሱዳን ድንበር ሲጠጋ ቺዝማን ካርቱም ባለው የመረጃ ክፍል የኢትዮጵያን ጉዳይ ያዘ፤ በዳንግላ ዘመኑ ያጠራቀመው እውቀት ለጦር ዘመቻ ዋለ።

መንገድ የመሩት፣ በቅሎ የነዱት፣ የወንዙንና የጋራውን ስም እየጠሩ ያስጻፉት የአገሬው ሰዎች ናቸው። የሰጡት መረጃ ለንደን ደርሶ ካርታ ሆነ። ወደ እነርሱ የተመለሰ ነገር አልነበረም። ይህ ያንድ ሰው ጥፋት አይደለም፤ ሥራው ከመጀመሪያው የታሰበው እንደዚያ ነበር። ከ1920 እስከ 1921 (እ.ኤ.አ.) ግራብሃምና ብላክ የተባሉ ባለሙያዎች ጣናን አጠኑ፤ ከ1930 እስከ 1931 ደግሞ የኒውዮርኩ ጄ. ጂ. ኋይት ኩባንያ መሐንዲሶች በሐይቁ መውጫ ላይ ሊሠራ ስለሚችል ግድብ ቀያሾቻቸውን ይዘው መጡ። ሁሉም ለክተው ሄዱ።

በመጠን ከሁሉ የሚበልጠው ልኬት የተደረገው ከ1958 እስከ 1964 (እ.ኤ.አ.) ነው። የአስዋን ግድብ ጉዳይ ግብጽን ወደ ሶቪየት ኅብረት ሲያስጠጋት የአሜሪካ መንግሥት የመሬት ልማት ቢሮውን ወደ ዐባይ ተፋሰስ ላከ፤ ቢሮው ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ሠርቶ 17 ጥራዝ ዘገባ አስረከበ። ወንዞች ላይ የከፍታ መለኪያ ቆመ፤ መርዓዊ አጠገብ ያለው የግልገል ዐባይ መለኪያ የዚያ ዘመን ውርስ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። በሴንቲ ሜትር የተሰመረ ሰሌዳ ውሃው ውስጥ ይተከላል፣ የአካባቢው ሰው በየቀኑ ያነብባል፣ መሐንዲሱ ከፍታውን ከፍሰቱ ጋር የሚያያይዝ ስሌት ይሠራል። ከስድሳ ዓመት በኋላም የተፋሰሱ ጥናት ሁሉ የሚቆመው በእነዚያ የቀን ንባቦች ላይ ነው። አንባቢዎቹ የሚያነብቡት ቁጥር ግን ከመንደራቸው ይወጣል እንጂ ወደ መንደራቸው አይገባም ነበር።

በ1973 ዓ.ም. የብሔራዊ ሜትሮሎጂ አገልግሎት ድርጅት በአዋጅ ተቋቋመ፤ ዳንግላ ከተማም የአየር ጠባይ ጣቢያ ካላቸው ከተሞች ተቆጠረች። ዳንግላ ያለችበት የአዊ አካባቢ ክረምት በእነዚህ መዝገቦች መልኩን ያሳያል፤ በዓመት ከ1500 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል፣ ከዚያም ከአሥር እጅ ዘጠኙ የሚወርደው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ነው። ከተማው ላይ ያለው መለኪያ ግን የከተማውን ዝናብ ነው የሚይዘው። አንዱ ጎጥ በበረዶ ሲመታ ማዶ ያለው ጎጥ አቧራው እንደማይጠፋ ገበሬ ሁሉ ያውቃል።

የመረጃ ሥራ በዳንግላ ገጠር ወደ ሰው ቤት የገባው በጤና በኩል ነው። በ1995 ዓ.ም. መንግሥት የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምን ጀመረ። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ፣ ከዚያው ከአካባቢው የተመለመሉ ወጣት ሴቶች ለአንድ ዓመት ሠልጥነው ሁለት ሁለት እየሆኑ በየቀበሌው ጤና ኬላ ተመደቡ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በአገሪቱ ከ30 ሺህ በላይ ሆኑ። ቀጥሎ የቤተሰብ ማህደር መጣ። ለእያንዳንዱ አባወራና እማወራ አንድ ማህደር ይከፈታል፤ የሽንት ቤቱ ነገር፣ የመጠጥ ውሃው፣ አጎበሩ፣ የእናቲቱ እርግዝና፣ የሕፃኑ ክትባት በዚያ ውስጥ ይሰፍራል፤ ማህደሮቹም በጎጥ በጎጥ ተለይተው ጤና ኬላው መደርደሪያ ላይ ይቀመጣሉ። የክትባት ቀን ያለፈው ልጅ ካርድ ለብቻው ስለሚወጣ ባለሙያዋ የየትኛውን ቤት በር ማንኳኳት እንዳለባት መደርደሪያውን አይታ ታውቃለች።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። በዳንግላ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጻፈው ነገር የተጻፈለትን ቤት ተመልሶ የሚጠቅምበት መንገድ ተበጀ። ኤሌክትሪክ አልነበረበትም፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ነበር። ዛሬ በአገሪቱ የጤና መረጃ ሥርዓት ውስጥ ያለው ኮምፒውተር ሁሉ የዚያን መደርደሪያ ሐሳብ ነው የሚከተለው።

ስልኩ ከዚያ ተከትሎ ደረሰ። ተንቀሳቃሽ ስልክ አዲስ አበባ ላይ በ1991 ዓ.ም. ቢጀመርም ለገጠሩ የሚሆን ማማ የተተከለው ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ፣ በቻይና ኩባንያዎች ብድርና ሥራ ኔትወርኩ ሲስፋፋ ነው። ከዚያ በኋላም መንግሥት ለየወረዳው አምቡላንስ ማከፋፈል ጀመረ። እስከዚያ ድረስ ምጥ የጸናባት እናት የምትጓዘው በቃሬዛ ነበር፤ ተሸካሚ ጎረምሳ እስኪሰበሰብ፣ ወንዙ እስኪጎድል ይጠበቃል። አዊ የፈረስ አገር ነው፣ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞችም ማኅበር አለው፤ ፈረስ ግን ለሠርግ፣ ለገበያና ለልቅሶ እንጂ ለወላድ አይሆንም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ስልክ መያዟ ይህን ለወጠው፤ ጤና ጣቢያ ትደውላለች፣ ሾፌሩ መኪና እስከሚገባበት መንገድ ድረስ ይመጣል፣ ቃሬዛው እስከዚያ ድረስ ብቻ ይሸከማል። ለትራንስፖርት የዋለ የመረጃ ቴክኖሎጂ ከተባለ ዳንግላ ገጠር ውስጥ ከዚህ የላቀ አልመጣም ብል ማጋነን አይሆንም።

በ2006 ዓ.ም. ሁለት ነገሮች በአንድ ዓመት ውስጥ ተከሰቱ። አንዱ አገር አቀፍ ነው፤ ሁለተኛው በአንዲት ቀበሌ የተወሰነ። የትንሿን ላስቀድም።

ከዳንግላ ከተማ ወጣ ብላ ያለችው ደንገሽታ የጤፍ፣ የዳጉሳና የበቆሎ አገር ናት፤ በየጓሮው በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ አይታጣም። የእንግሊዙ ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ዴቪድ ዎከር፣ ጄፍ ፓርኪንና ጆን ጎዊንግ፣ ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር ወደዚህች ቀበሌ የመጡት ጥልቀት የሌለው የከርሰ ምድር ውሃ ለአነስተኛ መስኖ ምን ያህል ይበቃል የሚለውን ሊያጠኑ ነው። ለጥናቱ በየቀኑ የሚያነብብ ሰው ያስፈልጋል፤ ከውጭ የመጣ ተመራማሪ ደግሞ ክረምቱን ሙሉ አይቀመጥም። ስለዚህ ነዋሪው ተሰበሰበ። መለኪያዎቹ የት ይቀመጡ፣ ማን ያንብብ የሚለው በነዋሪው ምክክር ተወሰነ።

አንድ የዝናብ መለኪያ በአንድ ነዋሪ ግቢ ተተከለ። በክልቲና በብራንቲ ወንዞች ላይ የከፍታ ሰሌዳ ቆመ። አምስት የጓሮ ጉድጓዶች ተመረጡ። ዝናቡ በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ይነበባል፤ ወንዞቹ ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት፤ ጉድጓዶቹ በየሁለት ቀኑ። ለጉድጓዱ የሚያገለግለው መሣሪያ ጫፉ ውሃ ሲነካ ድምፅ የሚሰጥ የተሰመረ ሜትር ነው። ንባቡ በደብተር ይጻፋል፣ ደብተሩ ወደ ወረዳው ይሄዳል፣ እዚያ ኮምፒውተር ላይ ይገባል። ይኸው ነው። መለኪያው ላይ የሚታየው ቁጥርም ለገበሬ ሩቅ አይደለም፤ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውሃ ወረደ ማለት ነው።

ሳይንቲስቶች የሚጠረጥሩት ጥያቄ ግልጽ ነበር፤ ያልሠለጠነ ሰው የጻፈው ቁጥር ይታመናል ወይ? ዎከርና ባልደረቦቹ መልሱን በ2016 (እ.ኤ.አ.) በታወቀ የሃይድሮሎጂ መጽሔት ላይ አወጡ። የደንገሽታን ደብተር ከመንግሥት ጣቢያዎች መዝገብ፣ ከሳተላይትም ካገኙት የዝናብ ግምት ጋር አስተያዩ። የነዋሪዎቹ ንባብ ከመንግሥት ጣቢያዎች ጋር ተስማማ። ሳተላይቱ ግን ወደ ኋላ ቀረ። ምክንያቱን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በዚያን ጊዜ በብዛት ያገለግል የነበረው የዝናብ ሳተላይት ምድርን የሚያየው እያንዳንዱ ጎን ወደ 27 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ሰፊ ሰሌዳ ከፋፍሎ ነው። ከሰዓት በኋላ ተነሥቶ አንድ ሸንተረር መትቶ የሚያልፈው የአዊ ዶፍ በዚያ ሰሌዳ ውስጥ ሟሙቶ ይጠፋል። ግቢው ውስጥ የቆመው መለኪያና በየጠዋቱ የሚያየው ሰው ግን ይይዙታል።

ይህን ውጤት እንደ ተራ የምርምር ዜና ማለፍ አልችልም። በቺዝማን ዘመን መንገድ መሪ ብቻ የነበረው የዳንግላ ሰው እዚህ ላይ የመረጃው ባለቤት ሆኖ ይቆማል። ንባቡ ለመታመን የበቃው በትዕግሥቱ ነው፤ በፆም፣ በልቅሶ፣ በአጨዳ ቀን ሳይቀር 3 ሰዓት ላይ መለኪያው ዘንድ መገኘት ቀላል ነገር አይደለም።

እነዚያ ንባቦች ትልቅ ሥራ አገልግለዋል። ተመራማሪዎቹ ከርሰ ምድሩን በየዓመቱ የሚሞላውን ውሃ በዘጠኝ ዘዴ አሰሉት፤ የተለያየ አሠራራቸው ሲቆጠር 17 ስሌት ይሆናል። የመጀመሪያው ውጤት ከ45 እስከ 814 ሚሊ ሜትር ድረስ የተበታተነ ነበር። እያንዳንዱ ዘዴ ምን እንደሚለካ ተመርምሮ ሲጣራ ወደ 280 እና 430 ሚሊ ሜትር መካከል ጠበበ። ዝናቡን ለሚያውቅ ሰው ትርጉሙ ከባድ ነው፤ ከሚወርደው ከአምስት እጅ አንዱ ገደማ እስከ ሩብ ያህል የሚሆነው የጓሮ ጉድጓዱን ወደሚመግበው ከርሰ ምድር ይገባል ማለት ነው። በዚያው አካባቢ ዓለም አቀፉ የውሃ አያያዝ ተቋምና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ከገበሬዎች ጋር የጓሮ መስኖን ሞክረዋል። ከሞከሯቸው መሣሪያዎች አንዱን እወድደዋለሁ። መሬት ውስጥ ይቀበራል፣ ውሃው ሥሩ ጋ ሲደርስ ከላይ ያለው ምልክት ብድግ ይላል፤ አጠጪው በቃ ብሎ ያቆማል። አውስትራሊያዊው ሪቻርድ ስተርዛከር የፈጠረው ነው። መረጃውን የሚሰጠው ለሚያጠጣው ሰው ነው፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው መደብ ላይ።

የዚያ ዓመት ሁለተኛው ነገር 8028 ነው። በሐምሌ 2006 ዓ.ም. የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ከግብርና ሚኒስቴር፣ ከኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩትና ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር ሆኖ የገበሬውን የስልክ መስመር ከፈተ። ገበሬው በነፃ ይደውላል፤ የተቀዳ ድምፅ እየመራ ስለ ጤፍ፣ ስለ በቆሎ፣ ስለ ስንዴ አዘራር፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ በሽታ ያስረዳዋል። የስንዴ ዋግ ሲነሣ መስመሩ ራሱ ወደ ገበሬው ማስጠንቀቂያ ይልካል። ማንበብ ለማይችል ሰው በድምፅ መሆኑ ትክክለኛ ምርጫ ነበር፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ደውሏል። ሲጀመር ግን በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ነበር። ብዙ የአዊ ገበሬ ግን በቤቱ የሚናገረው አውንጊ ነው። ልጁ በአውንጊ ፊደል እየቆጠረ እናቱ የእርሻ ምክር በሌላ ቋንቋ እንድትሰማ መደረጉ ቅር ያሰኛል። ደግሞም መስመሩ በአብዛኛው የሚሄደው ከላይ ወደ ታች ነው፤ የደንገሽታው ደብተር የሚያውቀውን የዚያን ሳምንት ዝናብ 8028 አያውቀውም።

ዝናብንና ጤናን ያገናኘው ሥራ በክልሉ ውስጥ ተሠርቷል። ወባ የምትበዛው ክረምቱ ወጥቶ ውሃው ሲቋጥር፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። የአሜሪካው ማይክል ዊምበርሊና ባልደረቦቹ ከአማራ ክልል ጤና ቢሮ፣ ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲና ከአንድ የፀረ ወባ ማኅበር ጋር ሆነው ኤፒዴሚያ የተባለ ሥርዓት አቋቋሙ። ጤና ተቋማት በየሳምንቱ የሚልኩትን የወባ ቁጥር ከሳተላይት ዝናብና ሙቀት ጋር አጣምሮ በ47 ወረዳዎች ወረርሽኝ ከመድረሱ በፊት ለመተንበይ ይሠራ ነበር፤ ሥራው በ2017 (እ.ኤ.አ.) በወባ ጥናት መጽሔት ታተመ። የትንበያው ግማሽ ከሰማይ ይመጣል፤ ሌላው ግማሽ ግን ጤና ኬላ ላይ በእጅ ከተሞላ ቅጽ ነው።

የጤና ሚኒስቴር በበኩሉ በዚያው ዘመን «የመረጃ አብዮት» ያለውን ጀምሮ ነበር። አፓርታይድ በወደቀ ማግስት ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተጀመረውንና የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ያሳደገውን ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 የተባለ ሶፍትዌር አገሪቱ ተቀበለች፤ የወረዳ ዘገባ ሁሉ በዚያ ይገባ ጀመር። የቤተሰብ ማህደሩም ወደ ታብሌት መዛወር ተጀመረ። የታብሌቱ ጥሩ ጎን ኔትወርክ በሌለበትም መመዝገቡ ነው፤ ሲገኝ ይልካል። ክፉ ጎኑ ባለሙያዋ ለረጅም ጊዜ ሁለቱንም፣ ወረቀቱንም ታብሌቱንም፣ እንድትሞላ መደረጓ ነው። ያን ሰዓት የምትወስደው ከቤት ለቤት ጉብኝቷ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይቷን ከቻይና አመጠቀች። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ምክር ቤት «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025»ን አጸደቀ፤ ግብርና ከዋና ዋና መንገዶቹ አንዱ ነው። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር መጣ። በ2015 ዓ.ም. ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲሸጥ ተወሰነ፤ የአውቶቡስ፣ የአይሱዙና የባጃጅ ሾፌር ኔትወርክ ካልያዘለት ነዳጁ ፊቱ እያለ መቅዳት የማይችልበት ዘመን ሆነ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ ከሐምሌ ወደ ነሐሴ ሲዞር፣ በአማራ ክልል ጦርነት ተቀሰቀሰ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም በክልሉ ተዘጋ። በአንዳንድ ከተሞች የተመለሰው ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። የወረዳ ዘገባው፣ የታብሌቱ መዝገብ፣ የሾፌሩ ክፍያ፣ ሁሉም በአንድ ክር ላይ ተንጠልጥሎ ስለነበር አብሮ ተናጋ። በጦርነት ውስጥ ወደ ጤና ኬላ መድረስም ከባድ ሆነ።

ወባ በዚህ መካከል አገሪቱን ሁሉ አጥለቀለቀች። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በ2019 (እ.ኤ.አ.) 900 ሺህ ገደማ የነበረው የታማሚዎች ቁጥር በ2023 ወደ 4.1 ሚሊዮን ወጣ፤ በ2024 ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20 ብቻ 7.3 ሚሊዮን ሰው ታመመ፣ 1157 ሰው ሞተ። ይህ የተመዘገበው ነው። ጤና ኬላው በተዘጋበት፣ ቅጹ ከቀበሌ ሳይወጣ በቀረበት ሳምንት የታመመ ሰው በዚህ ውስጥ የለም።

ስለዚህ ኔትወርኩ በተመለሰበት ቦታ ሁሉ ከአዲስ መተግበሪያ በፊት ቅድሚያ የሚገባው በወረቀት የተጠራቀመው መዝገብ ነው። የእነዚያን ወራት የወባ ቅጽ፣ የክትባት ካርድ፣ የዝናብ ንባብ ከየጤና ኬላውና ከየግቢው ሰብስቦ ለማስገባት የወረዳው ባለሙያ ጊዜ፣ አበልና የመኪና ነዳጅ ያስፈልገዋል፤ ሥራው ሲያልቅም ቁጥሩ ለጻፉት ሰዎች፣ በቀበሌያቸው ስብሰባ፣ በአውንጊና በአማርኛ ሊነገራቸው ይገባል።